ማሰናበትና መሸኘት



በቋንቋችን «አሰናበተ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። «እንግዳውን አሰናበተ» ሲባል አክብሮ ሸኘ ማለት ነው፤ «ሠራተኛውን አሰናበተ» ሲባል ግን ከሥራ አስወጣ ማለት ነውና፣ ይህን ቃል በደብዳቤ ላይ ያነበበ ሰው ጉልበቱ ይብረከረካል። ዛሬ ልናስረዳ የምንወደው፣ ሥራውን የሚለቅ ሰው በጨዋ ቀልድ ሲሸኝ ሁለተኛው ትርጕም ወደ መጀመሪያው እንዴት እንደሚመለስ ነው።

ለምሳሌ ወደ ጌዴኦ እንሂድ። በኮቸሬ ወረዳ፣ በጨለለቅቱ አካባቢ፣ ቡና እያጠቡ የሚያዘጋጁ ጣቢያዎች አሉ። እሸቱ ቡና ይመዘናል፣ በመኪና ይፈለፈላል፣ በገንዳ ይብላላል፣ ታጥቦም ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ በዚያም ሴቶች ቆመው ጉድለት ያለበትን ፍሬ በእጃቸው ይለቅማሉ። የለቀማው ወራት ሲያልፍ ብዙው ሠራተኛ ይበተናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው ለሚለቅ ሠራተኛ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል። ወረቀቱ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው ዘበኛ እንደ ነበረ ይነግረናል እንጂ፣ ሌሊቱን ሁሉ በሳሉ ሌባ ሲያባርር መኖሩን አይነግረንም። ይህን የሚመሰክርለት አብሮት የሠራ ባልንጀራው ነው።

የሽኝት ቀልድ አሠራሩ ከሰምና ወርቅ ጋር ይመሳሰላል፤ ሰሙ ነቀፌታ፣ ወርቁ ምስጋና ነው። ስለ አንድ ሒሳብ ያዥ፣ «ሳንቲም ብትጎድል እርሱ አይተኛም፤ ሳንቲም ብትተርፍ እኛን አያስተኛንም» ቢባል፣ ሰሙ አስቸጋሪነቱ፣ ወርቁ ታማኝነቱ ነው። ነገሩ ሲገለበጥ፣ ማለት ሰሙ ምስጋና ወርቁ ነቀፌታ ሲሆን፣ ሽኝትነቱ ይቀርና ክስ ይሆናል፤ ተከሳሹም በማግሥቱ ስለማይኖር ይግባኝ የሚልበት ቀን የለውም።

ስለዚህ ተናጋሪው ሦስት ነገር ይጠብቅ ዘንድ ይገባዋል። አንደኛ፣ ቀልዱ በሥራ ልማድ ላይ ይሁን እንጂ በመልክ፣ በትውልድ ወይም በድህነት ላይ አይሁን። ሁለተኛ፣ ለተሸኚው የመልስ ተራ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ የንግግሩ መጨረሻ ያለ ቀልድ የሚነገር አንድ እውነተኛ ምስጋና ይሁን።

ቀልድ ወደ ላይ ሲወረወር ያምራል፤ ወደ ታች ሲወረወር ግን ይሰብራል። በጥንታዊት ሮማ ዩልዮስ ቄሣር በአውሮፓ አቈጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት የድል በዓሉን ሲያከብር፣ የገዛ ወታደሮቹ በራሰ በራነቱ እየዘፈኑ አጅበውታል። በእኛም አገር የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታ እስከ ዛሬ የሚወሳው፣ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር ሳይቀር ይቀልዱ እንደ ነበር ስለሚተረክላቸው ነው። እንግዲህ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ በሽኝቱ ላይ አስቀድሞ በራሱ ቢቀልድ፣ ሌላው ሁሉ ያለ ሥጋት ይሥቃል።

ከቦታ መልቀቅ ውርደት አለመሆኑንም የጌዴኦ ሕዝብ ጥንቱን ያውቀዋል። በባሌ ሥርዓቱ መሠረት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ለተረካቢው ይተላለፋልና፣ የሚለቀቅ ወንበር እንጂ የሚጣል ሰው የለም።

ይሁን እንጂ ሣቅ የሒሳብ መዝጊያ አይደለም። ከላይ የጠቀስነው ዐዋጅ የሚለቅ ሠራተኛ ደመወዙና ሌላው ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈለው ያዛል። ገንዘቡ ሳይከፈለው ቀልድ የሚነገርለት ሰው፣ ቢሥቅም ጥርሱ ብቻ ነው የሚሥቀው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስብ። ሥራ አስኪያጁ ሲለቅ ድግስ ይደገሳል፤ ሒሳብ ያዡም ቢሆን ቡና ይፈላለታል። በአልጋው ዳር ቆማ ወራቱን ሙሉ ፍሬ ስትለቅም የከረመችው ሴት ግን ነጠላዋን አራግፋ ብቻዋን ልትሄድ ትችላለች። እጇ የጣለውን መጥፎ ፍሬ ማንም አልቈጠረውም፤ የቡናው መልካም ስም ግን በዚያ እጅ አልፎ የመጣ ነው። ለእርስዋም አንድ ስኒ ቡናና የሚያሥቅ አንድ ቃል አይንፈጓት፤ ያን ጊዜ ተሸኘች እንጂ ተሰናበተች አይባልም።