የመምህሩ ኮምፒዩተርና የተማሪው ኮምፒዩተር

በኮምፒዩተር ክፍል ያሉት መሣሪያዎች በገመድ የተያያዙት ለምን እንደሆነ ወላጆች ይጠይቁናል። በአጭሩ ልናስረዳ ወደድን።

ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ ለማገናኘት ኢንተርኔት ግድ አይደለም። ገመዶቹ የሚሰኩበት ስዊች የሚባል ሣጥን ካለ ይበቃል። ስለዚህ መብራት እስካልጠፋ ድረስ እንደ ፋው ባለ ቦታም ይሠራል። በዚህ ላይ እንደ ቬዮን ያለ በነፃ የሚገኝ የክፍል መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሲጫን መምህሩ የሁሉንም ስክሪን ያያል፤ የራሱን ለሁሉም ያሳያል፤ ሲፈልግም የተማሪዎቹን ይቆልፋል።

በአገራችን በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት የምታስታውሱ አላችሁ። በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ተማሪው ባይገባውም ቆሞ አይጠብቀውም፤ መምህሩም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። እዚህ ግን ማቆሙም መድገሙም በመምህሩ እጅ ነው።

ነገር ግን ሥልጣን ኃላፊነት አለው። ተማሪዎች ስክሪናቸው እንደሚታይ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። የአንዱን ልጅ ስህተት ለክፍሉ ማሳየት ማሳፈር እንጂ ማስተማር አይደለም። ደግሞም በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ሦስት ልጆች ሲቀመጡ ስክሪኑ የሚያሳየው ማውሱን የያዘውን ልጅ ሥራ ብቻ ነው። ዳር የተቀመጠችውን ዝምተኛ ልጅ ምንም ፕሮግራም አያሳየንም። እርሷን ለማግኘት መምህሩ ተነሥቶ በረድፎቹ መካከል መዞር አለበት።

ወላጆችም ማታ ልጃችሁን «ዛሬ ማውሱ ደርሶሻል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትረዱናላችሁ።