«ግዝረት»፣ «ግርዛት»፣ «ትልተላ»፤ ስለ ወንድ ሕፃናት መገረዝ የሚደረገውን ክርክር በአማርኛ ስለ መተርጐም

ወንድ ሕፃንን በሃይማኖት ወይም በባህል ምክንያት መግረዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በአውሮፓና በአሜሪካ ከተነሣ ሰንብቷል። ወደ እኛ ቋንቋ የሚደርሰው በዜና ትርጉም፣ በጤና መመሪያዎችና በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳይ በኩል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የክርክሩን ፍርድ ሳይሆን ክርክሩ በአማርኛ የሚካሄድባቸውን ቃላት ነው። እንዲህ ማድረጋችንም ያለ ምክንያት አይደለም። አማርኛ ለወንዱም ለሴቷም፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥርዐትም ለሐኪሙ ሥራም አንድ ግስ ብቻ ስላለው፣ ተርጓሚው ቃሉን በመረጠበት ቅጽበት ሳያስበው ፍርዱንም አብሮ ይሰጣል።

ግሱ በግእዝ «ገዘረ» ነው። በአማርኛ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊደል ቦታ ተለዋውጠው «ገረዘ» ሆኗል፤ የፊደል መዛወር በቋንቋችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሥሩ በሴም ቋንቋዎች ሰፊ ዘመድ አለው፤ በዕብራይስጥ መቍረጥን፣ በዐረብኛ ማረድን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ዕብራይስጥም ዐረብኛም ለዚህ ሥርዐት የሚጠቀሙት በሌላ ቃል ነው፤ የመጀመሪያው «ሚላ»፣ ሁለተኛው «ኺታን» ይለዋል። በዚህ ሥር ሥርዐቱን የሚጠራው፣ ከግእዝ ጋርም የሚገጥመው፣ ሶርያይስጥ ነው። ስለዚህ የቃሉ ታሪክ የአይሁድን ኦሪት በቀጥታ ከመከተል ይልቅ በአራማይክ ተናጋሪዎች በኩል ያለፈ መንገድን የሚያመለክት ይመስለናል፤ ነገር ግን በአንድ ቃል ላይ ብቻ ተመሥርቶ የታሪክ ድምዳሜ መስጠት ከቃል አጥኚ አይጠበቅም።

ከግሱ የወጡት ሁለቱ ስሞች፣ «ግዝረት» እና «ግርዛት»፣ በብዙ ሰው አፍ እንደ አንድ ይቈጠራሉ። በጥሞና ላዳመጠ ግን አንድ አይደሉም። «ግዝረት» የግእዝ መልኩን እንደ ያዘ የቀረ፣ ከ«ልደት»፣ ከ«ጥምቀት»፣ ከ«ዕርገት» ጋር በአንድ ረድፍ የሚቆም የበዓል ስም ነው። ጌታ በተወለደ በስምንተኛው ቀን መገረዙ ጥር 6 ቀን ይታሰባል፤ ከታኅሣሥ 29 ጀምሮ ለሚቈጥር ስምንተኛው ቀን እርሱ ነውና። «ግርዛት» ደግሞ ከአማርኛው ግስ የወጣ የድርጊት ስም ነው፤ ማን እንደ ፈጸመው፣ በማን ላይ እንደ ተፈጸመ፣ ለምንም እንደ ሆነ አይናገርም። የግብርና ባለሙያዎች የቡናንና የፍራፍሬን ዛፍ ቅርንጫፍ ማስተካከልን «መግረዝ» ሲሉት የሚሰማው ቅሬታ የሌለው ከዚህ የተነሣ ነው። «የቡና ግዝረት» ያለ ሰው ቢኖር ግን ሁላችንም በሣቅን ነበር።

ይህ ልዩነት በደንብ የሚታየው ግእዙም አማርኛውም በአንድነት በሚኖሩበት ስፍራ ነው። ለዚህ የምሥራቅ ጎጃሟን መርጡለ ማርያምን እንወስዳለን። ስሟ ራሱ ግእዝ ነው፤ «መርጡል» አዳራሽ፣ ድንኳን ማለት ነው። የአገሩ ትውፊት ደብሩ ክርስትና ሳይገባ በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብበት እንደ ነበር ይናገራል፤ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም እስከ ዛሬ ይታያል። በዚያው ፍርስራሽ ላይ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያን የራሳቸውን ሕንፃ አሠርተዋል። ነገሩ ከጕዳያችን የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያን በፍሎሬንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1442 ክርስቲያኖች እንዳይገረዙ አውጃ ስለ ነበር፣ ሚስዮናውያኑ በኢትዮጵያውያን ላይ ከሚያነሡት ክስ አንዱ ይኸው ግዝረት ነበር።

ለዚህ ክስ አስቀድሞ መልስ የሰጡት ዐፄ ገላውዴዎስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ የሚሉት ነገር በአጭሩ ሲቀርብ፣ የምንገረዘው እንደ አይሁድ በሕግ ለመጽደቅ አይደለም፤ ጳውሎስ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም ማስተማሩን እናውቃለን፤ የኛ ግዝረት በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በህንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ የአገር ልማድ ነው የሚል ነው። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ንጉሡ ቃሉን ሳይለውጡ የቃሉን መደብ መለወጣቸውን ነው። «ግዝረት» ከሕግ መደብ ወጥቶ ወደ ልማድ መደብ ገባ። ዛሬ በአውሮፓ የሚካሄደው ክርክር በሌላ አቅጣጫ ይኸንኑ ያደርጋል፤ ነገሩን ከልማድ መደብ አውጥቶ ወደ ጕዳት መደብ ሊያስገባው ይሻል። የመደብ ለውጥ ያለ ቃል አይፈጸምም።

አሁን ወደ ሴቷ እንለፍ፤ ምክንያቱም የአማርኛው ችግር እጅግ የሚከብደው በእርሷ ላይ ነው። በአማራ አገር ሴት ሕፃን የምትገረዘው እንደ ወንዱ ሁሉ በጨቅላነቷ ስለ ሆነ፣ ግሱም ጊዜውም አንድ ሆኖ ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል የተገረዙት በመላው አገሪቱ 65 ከመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 62 ከመቶ ያህል ነበሩ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሴቶቹ ጕዳይ ከወንዶቹ በስም እንዲለይ የተደረገው በገዛ ከተማችን ነው፤ በሴቶችና በሕፃናት ጤና ላይ ጕዳት የሚያደርሱ ልማዶችን የሚከታተለው የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ «ግርዛት» የሚለውን ትቶ የአካል ማጕደልን ትርጉም የያዘ ስም ተቀበለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በሚቀጥለው ዓመት ስሙ በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ እንዲሠራበት ሐሳብ አቀረበ። ጉባኤው አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ያወጣው ስም ግን በአማርኛ አልጸናም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 የሚቀጣው አሁንም «ገረዘ» በሚለው ግስ ነው፤ ከበድ ያለውን ድርጊት በአንቀጽ 566 የሚለየው መስፋትን በመጥራት ነው። ሕግ አውጪው ሕዝቡ በሚያውቀው ቃል መጻፉ አያስወቅሰውም፤ ማንም እንዳልሰማ እንዳይሆን ይህ የሕግ ቋንቋ ግዴታ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ከሕጉ ወጥቶ ወደ መፈክር ሲሸጋገር ነው።

«ግርዛት ጎጂ ልማድ ነው» የሚል ማስታወቂያ በመርጡለ ማርያም የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ እንበል። «የሴት ልጅ» የሚለው ቅጽል ለቦታ ጥበት ሲባል ወድቋል። ይህን ያነበበች እናት ከሁለት አንዱን ትረዳለች። ወይ ጥር 6 ቀን ካህኑ የሚያከብሩት ነገር በመንግሥት የተከለከለ ይመስላታል፤ ወይም፣ ይህ ደግሞ የባሰው ነው፣ ማስታወቂያው ስለ ግዝረት የሚናገር ከንቱ ነገር ነው ብላ ታልፈዋለች፤ የሴት ልጇም መገረዝ ከበዓሉ ክብር ተካፋይ ሆኖ ይቀራል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 ለአብርሃም የተሰጠው ትእዛዝ ወንድን ብቻ የሚመለከት መሆኑን ሊቃውንቱ ያውቃሉ፤ አማርኛው ግን የወንዱን ክብር ለሴቷ ያውሳታል። በቃል ውሰት የሚመጣ ጕዳት ካለ ይህ ነው።

ለሴቷ «ትልተላ» የሚለው ቃል በአንዳንድ ጽሑፎች ሲሠራበት አይተናል፤ «የሴት ልጅ ብልት ትልተላ» ይላሉ። «ተለተለ» ሥጋን በረዥሙ ሰነጣጥቆ መቍረጥ ነው። ድርጊቱን በትክክል አይሥልም፤ ጆሮንም ይሰቀጥጣል። ቢሆንም ሁለት ጥቅም አለው፤ በቅዳሴ አይጠራም፤ ለወንድም አይነገርም። በጤናና በሕግ ትምህርት ጽሑፎች ቢጸና እንመርጣለን፤ ከእናቶች ጋር ፊት ለፊት በሚደረግ ንግግር ግን «የሴት ልጅ ግርዛት» ሙሉውን ሳይቈረጥ ቢነገር ይሻላል፤ የሠራችውን ሁሉ በፍቅር ሠራሁ የምትልን ሴት «ተልታይ» ማለት ጆሮዋን መዝጋት ነውና።

ወደ ወንዱ ሕፃን ስንመለስ ተርጓሚውን የሚጠብቁት ወጥመዶች ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን የኮሎኝ ፍርድ ቤት፣ ወላጆቹ ሙስሊሞች የሆኑ የ4 ዓመት ልጅን የገረዘ ሐኪም ጕዳይ ሲመለከት፣ ወላጆች ቢፈቅዱም ድርጊቱ በሕግ የአካል ጕዳት ነው አለ፤ ሐኪሙን ግን በነፃ አሰናበተው። ከአይሁድም ከሙስሊሞችም ብርቱ ተቃውሞ ተነሣና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የጀርመን ሸንጎ ወላጆች በሕክምና ደንብ መሠረት ወንድ ልጃቸውን ማስገረዝ እንዲችሉ ሕግ አወጣ። በአይስላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበው የክልከላ ረቂቅ ሕግ ሳይጸድቅ ቀርቷል። እንግዲህ የፍርድ ቤቱን ቃል «የአካል ጕዳት» እንበለው ወይስ «አካል ማጕደል»? ለጀርመኑ የሚቀርበው የፊተኛው ነው። የኋለኛው ዐይን ያወጣን፣ እጅ የቈረጠን ሰው የምንከስበት ነው።

ከዚህም የሚብሰው የተቃዋሚዎቹ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ያልተገረዘውን «ያልተነካ፣ ሙሉ» ብለው ይጠሩታል። ተርጓሚው ይህን እንዳለ ቢያስቀምጠው ለጎጃም አንባቢ ነገሩ ተገለባብጦ ይደርሰዋል። በአገራችን ከ10 ወንዶች 9ኙ ያህል የተገረዙ ናቸው፤ ጕድለት የሚታየው ባልተገረዘው ላይ ነው። ለእርሱ ያለን ስም «ወሸላ» ሲሆን ስድብ ነው። የግእዙ «ቈላፍ» በመጻሕፍት ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ በአማርኛ ያልተገረዘውን ወንድ ሳይሰድብም ሳያመሰግንም የሚጠራ አንድ ቃል የለም፤ ያለን «ያልተገረዘ» የሚለው ገለጻ ብቻ ነው። አጭርነት ባይኖረውም ፍትሕ አለውና እርሱን እንመክራለን። «ሙሉ አካል» የሚለውን ተርጓሚው ማስቀመጥ ካለበት፣ ተከራካሪዎቹ እንዲህ ይሉታል ብሎ አፉን ለባለቤቱ ይስጥ።

የ«ፈቃድ»ም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ሦስት ጥናቶች ግርዛት ወንዶች ከሴት ኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድላቸውን በ60 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ካሳዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በፈቃደኝነት የሚደረግ የሕክምና ግርዛትን እንደ አንድ የመከላከያ መንገድ አቀረቡ፤ በአገራችንም ሥራው ያተኰረው ግርዛት ባልተለመደበት በጋምቤላ ነው። እዚያ «በፈቃደኝነት» ማለት ትክክል ነው፤ የሚገረዘው ራሱ ዐውቆ ይመጣልና። የስምንት ቀን ሕፃን ግን ፈቃደኛም እምቢተኛም ሊባል አይችልም። በሕፃናቱ ክርክር የሚነሣው ወላጅ በልጁ ፋንታ የመወሰን ሥልጣኑ ወሰኑ የት ነው የሚለው ጥያቄ ነው፤ ይህንም «የወላጅ ፈቃድ» ከማለት «የወላጅ ውሳኔ» ማለት ክርክሩን ለሁለቱም ወገን ክፍት ያደርገዋል። «ፈቃድ» በአማርኛ ከበላይ የሚወርድ፣ ይገባል ተብሎ የሚሰጥ ነገር ስለ ሆነ ጥያቄውን ሳይጠየቅ ይመልሰዋል።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «ግዝረት» ለሃይማኖታዊው ሥርዐትና ለበዓሉ ይጠበቅ፤ ሙስሊሞችም ይህንኑ ቃል ለራሳቸው ሥርዐት ስለሚጠቀሙበት ፍቺው በአንድ ሃይማኖት ብቻ አይታጠር። «ግርዛት» ለድርጊቱ ይሁን፤ ሁልጊዜም «የወንድ» ወይም «የሴት ልጅ» ከሚለው ጋር ይጻፍ። ለሐኪሞች የሚያስፈልገው የአካሉ ስም ከ«ሸለፈት» የተሻለ የለንም፤ «ቍልፈት»ን እንደገና ለማንሣት የሚሞክሩ አሉ፣ ነገር ግን ለዛሬ አንባቢ ከ«ቈለፈ» ጋር ስለሚጋጭ መጥቀሙን እንጠራጠራለን። «ወሸላ»ም ከመዝገቡ መውጣት የለበትም፤ ከጐኑ «ስድብ» የሚል ምልክት ግን ይጨመርለት።