ከደጅ እስከ ደጅ ያለው ሣር፤ ስለ ቸሃ ጀፎረና ስለ ደንቡ

መንደር በሚቆረቆርበት ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቤቱ ቦታ ነው፤ በቤትና በቤት መካከል ስለሚቀረው ባዶ ቦታ የሚጨነቅ ብዙ አይገኝም። በሰባት ቤት ጉራጌ ምድር፥ ከእነዚህም አንዱ በሆነው በቸሃ፥ ነገሩ እንዲህ አይደለም። በዚያ ክፍቱ ቦታ የራሱ ስም፥ የራሱ ልክና የራሱ ሕግ አለው። ስሙም ጀፎረ ይባላል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ከዚያ አገር የመጡ ብዙዎች ናቸውና ለእነርሱ አዲስ ነገር አንናገርም። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ተወልደው በዓመት አንድ ጊዜ ለመስቀል ብቻ የሚወርዱት ልጆቻቸው፥ በለምለሙ ሣር ላይ መኪናቸውን አቁመው ወደ አያታቸው ቤት ሲገቡ፥ በማን ይዞታ ላይ እንዳቆሙ ቢጠየቁ ፈጥነው መልስ የሚሰጡ አይመስለንም።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልቂጤ ይደረሳል፤ ከዚያም ዋናው መንገድ ተትቶ ወደ ቸሃ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ እምድብር ይታጠፋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ መንደሮቹ የሚዘልቅ ሰው የሚያየው እንዲህ ነው። ሣር ክዳን ቤቶች፥ ዛሬ ዛሬም ቆርቆሮ የለበሱት፥ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተያይተው ይቆማሉ። በመካከላቸው እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ፥ ከብት የጋጠው አጭር ሣር አለ። ስፋቱ ከመንደር ወደ መንደር ይለያያል፤ በአንዳንዱ ሥፍራ ከ30 ሜትር በላይ ነው። ከቤቶቹ በስተ ጀርባ ደግሞ የየአባወራው የእንሰት ማሳ እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ይታያል። አሜሪካዊው ምሁር ዊልያም ሻክ በቸሃ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ካጠና በኋላ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የጠራው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጀፎረን መንገድ ብቻ አድርጎ የሚመለከተው እንግዳ ነው። መንገድ መሆኑስ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ለቅሶ የሚቀመጡበት፥ ሙሽራ የሚቀበሉበት፥ ሽማግሌዎች ነገር የሚሰሙበት፥ ልጆች የሚሯሯጡበት፥ በመስቀልም ደመራ የሚለኮስበት ሥፍራ እርሱ ነው። ከመስቀልም ቀጥሎ በአዳብና ወጣቱ ተሰብስቦ የሚጨፍረው በሜዳ ላይ ነውና ሜዳ ከሌለ አዳብናም የለም። የእስልምና ተከታይ የሆኑት ጎረቤቶቻችን ለዓረፋ ከየከተማው ሲመለሱ የሚገናኙበት ሣር ይኸው ሣር ነው፤ የሁለቱም ወገን አስከሬን በዚሁ በኩል ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጀፎረ ከጓሮው እንሰት ጋር ያለው ዝምድና ነው። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ እየተነቀለ ይዛወራል። መሬቱ ለዚህ ያህል ዘመን ሳይደክም የሚቆየው በፍግ ነው። ፍጉ የሚገኘው ማታ ማታ በቤት ውስጥ ከሚታሰሩት ላሞችና ጥጆች ሲሆን፥ ላሞቹ ደግሞ ከደጅ ሳይርቁ የሚግጡት የጀፎረውን ሣር ነው። እንግዲህ የፊት ለፊቱ ሣር በላም ሆድ አልፎ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ከጓሮም ቆጮና ቡላ ሆኖ ወደ ገበታ ይመለሳል። ከጀፎረው አንድ ክንድ ቆርሶ ያጠረ ሰው የቆረሰው ከሁሉም ገበታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አባቶች ይህን ስላወቁ ደንብ አበጁለት። ጀፎረ አይታረስም፤ አይታጠርም፤ ዛፍ አይተከልበትም፤ ጉድጓድ አይቆፈርበትም። በስተ ፊት ለፊቱ ያለውን ክፍል ንጽሕናውን የሚጠብቅ እያንዳንዱ ቤት ነው፤ ይሁን እንጂ ስላጸዳው የእርሱ አይሆንም። ወሰኑ ባጠራጠረ ጊዜ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይለኩታል፤ ከወሰን አልፎ የተገኘውም አጥሩን አፍርሶ ይመልሳል፥ ካሣም ይከፍላል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ቂጫ በሚባለው የአገሩ ሕግ ነው። ነገሩ በመንደር ሽማግሌ ካላለቀ ወደ ጎሣው፥ ከዚያም ወደ ላይ ይወጣል፤ የመጨረሻው ሸንጎ የሰባት ቤት ጉራጌ አባቶች የሚሰበሰቡበት የጆካ ነው። ቂጫ ለብዙ ዘመን በጽሑፍ አልሰፈረም ነበር። በአፍ ብቻ የኖረ ሕግ ነገሥታትም መንግሥታትም ሲለዋወጡ ሳይጠፋ መቆየቱ ስለ አስታዋሾቹ ብርታት ይመሰክራል።

ድንበር መግፋት ኃጢአት መሆኑን ለመማር እርግጥ ወደ የጆካ መሄድ አያስፈልግም። በኦሪት ዘዳግም የጎረቤቱን ወሰን የሚያፈልስ በሕዝብ ሁሉ ፊት ከሚረገሙት ጋር ተቆጥሯል። በመጽሐፈ ነገሥትም አክዓብ የናቡቴን ወይን ተመኝቶ ምን እንደ ደረሰበት በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ይነገራል። በጀፎረ ጉዳይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል፤ በዚያ ንጉሥ የአንዱን ድኻ ርስት ወሰደ፥ በዚህ አንዱ ሰው የመንደሩን ሁሉ ይወስዳል። ናቡቴው መንደሩ ነው። ናቡቴ ብዙ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ሌላው ይናገር ይሆናል እያለ ዝም ይላል፤ የጋራ ነገር የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ነው።

ለሽማግሌ ፍርድ አልገዛም ያለ ሰው የሚደርስበት የመጨረሻ ቅጣት መለየት ነው። ሰላምታ ይነፈጋል፤ እሳት አይጭርም፤ በደስታውም በኀዘኑም ጎረቤት ወደ ቤቱ አይገባም። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ዘብጥያ ሳይኖር፥ ወታደር ሳይላክ ወሰን የሚከበረውም ስለ ከበደ ነው። በዚህ ላይ ግን ሐሳባችንን ሳንገልጽ አናልፍም። አባት ባጠፋው ጥፋት ለሚሞት ልጅ ቀባሪ መከልከል ከክርስቲያን ልቡና ጋር አይስማማም። ሙት መቅበር ቤተ ክርስቲያን ከምሕረት ሥራ የምትቆጥረው ነገር ነውና ካህኑም ምእመኑም ከቀብር መቅረት የለባቸውም። አጥሩ እስኪፈርስ ድረስ ድግሱን አለመብላት ይበቃል።

ሌላም ሳንጠቅሰው ልናልፈው ያልወደድነው ነገር አለ። ደጁን በየማለዳው የሚጠርጉት፥ ፍጉን ተሸክመው ወደ እንሰቱ የሚያደርሱት፥ መስቀል ሲቃረብ ቤቱን የሚለቀልቁትና ዕቃውን የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው፤ ስለ ጀፎረ ሸንጎ ሲቀመጥ ግን የሚናገሩት ወንዶች ናቸው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ኖረች የሚነገርላት የቃቄ ወርድወት ስለ ጋብቻ ሕግ በአባቶች ፊት ቆማ ስትሟገት የአገሩ ሸንጎ የሴት ድምፅ ሰምቷል። የመጥረጊያው ባለቤት ስለሚጠረገው ቦታ ብትጠየቅ ከማንም የተሻለ ወሰኑን ታውቃለች ብለን እናምናለን።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፥ ጀፎረውን የሚያሠጋው ክፉ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። አገሩን የሚወደውም ሰው ያሠጋዋል። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች፥ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም፥ ከኪሳቸው አዋጥተው የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ መንግሥት እስኪሠራላቸው ሳይጠብቁ አገራቸውን ከዋናው መንገድ ጋር ለማገናኘት ደከሙ። በኢትዮጵያ የማኅበር ታሪክ ከፍ ያለ ሥፍራ የሚሰጠው ሥራ ነው። እነሆ፥ በዚያው ፍቅር የተነሣሡት የልጅ ልጆች ዛሬ በመንገዱ ብሎኬትና ብረት ጭነው ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። ለእናታቸው ጥሩ ቤት መሥራት ይፈልጋሉ፤ ማን ይከለክላቸዋል? ነገር ግን የከተማ ቤት የለመደ ዓይን አጥር የሌለውን ቤት እንደ ቤት አያየውም። ስለዚህ አጥር ይታጠራል። የሣር ክዳኑ ቤት ክብ ነበር፤ አዲሱ ማዕዘን አለው፥ በረንዳም ይጨመርለታል፤ በረንዳው ሁለት እርምጃ፥ የብረት በሩ ሌላ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣል። ባለቤቱም ሥራውን ለአናጢና ለግንበኛ ሰጥቶ ወደ ከተማ ተመልሷልና ወሰኑን የሚያሳይ በአጠገቡ የለም። የፊት ለፊቱ ጎረቤት ይህን ሲያይ፥ እርሱም ልጁ ገንዘብ በላከለት ጊዜ በዚያው ልክ ይወጣል። ሦስት እርምጃ ከዚህ፥ ሦስት እርምጃ ከዚያ ሲሆን፥ በአንድ ትውልድ ውስጥ ለቀስተኛ ተሰልፎ የሚቆምበት ቦታ ያልቃል።

ባሕር ዛፉም እንዲሁ ነው። ለቤት ማገርና ለገበያ አጣና የሚሸጥ ስለሆነ ገበሬው ቢተክለው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በጀፎረው ጠርዝ ሲተከል ሥሩ ውኃውን ይስባል፥ በጥላውም ሥር ሣር አይበቅልም። ዛሬ ጥላው የደረሰበት ቦታ ነገ የአጥሩ መነሻ ይሆናል። መኪናም በክረምት በሣሩ ላይ ሲመላለስ የጎማው ዱካ ቦይ ይሆንና ጎርፍ ይከተለዋል። ይህን ለማዳን የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ መኪናን ከመንደሩ መግቢያ ላይ አቁሞ ቀሪውን በእግር መሄድ ነው።

የመንግሥት ሕግስ ምን ይላል? በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ የመሬት ክርክር ከሽማግሌ እጅ በከፊል ወጥቶ በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ በኩል መታየት ጀምሮ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር ዓዋጅ ቁጥር 456፥ እርሱንም የተካው የ2016 ዓ.ም. ዓዋጅ ቁጥር 1324፥ ከግል ይዞታ ሌላ የወል ይዞታ የሚባል መኖሩን ያውቃሉ። እንግዲህ ጀፎረ በሽማግሌ ሕግ ብቻ ሳይሆን በመንግሥት ሕግም የሚቆምበት መሠረት አለው ማለት ነው፤ መንደሩ ጠይቆ ካስለካና ካስመዘገበ። የእያንዳንዱ አባወራ ማሳ በደብተር ተመዝግቦ የጋራው ሣር ሳይመዘገብ ከቀረ ግን፥ ነገ በወረቀት ሲከራከሩ ወረቀት የሌለው መሸነፉ አይቀርም።

ይህን የምንጽፈው ለገጠሩ ሰው ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ቍጥራቸው ብዙ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ዓዋጅ ቁጥር 370 የቤቱን ባለቤትነት ከጋራው ንብረት ድርሻ ጋር አያይዞ፥ ባለቤቶቹም በማኅበር ሆነው ደረጃውን፥ ጣራውን፥ ግቢውንና የጋራ ማእድ ቤቱን እንዲጠብቁ አድርጓል። መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፥ ሊቀ መንበር ይመርጣሉ፥ መዋጮ ይሰበስባሉ። ሆኖም በብዙ ሕንፃ ላይ የምናየው ምንድን ነው? በደረጃው ሥር የአንዱ ከሰል፥ በመተላለፊያው የሌላው አሮጌ ቁም ሣጥን፥ በግቢው ጥግ በብረት ፍርግርግ የተከለለ የመኪና ማቆሚያ። የማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ከስንቱ ስንት ነው! ከእነዚሁ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ግን በእድራቸው ለአንድ ቀን ቀሪ ቢሆኑ መቀጮ ይከፍላሉ፥ ሳያጕረመርሙም ይከፍላሉ። በእድር ውስጥ ሰው የሚተያየው በኀዘኑ ቀን ነውና ደንቡ ፊት አለው። የሕንፃው ማኅበር ደንብ ገና ፊት አላገኘም። ከጀፎረ የሚወሰድ ትምህርት ካለ እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ጀፎረው የተጠበቀው ለቅሶውና ሠርጉ፥ ደመራውና ሽምግልናው በላዩ ስለሚደረግ ነው። በግቢው ውስጥ በአንድነት ዝክር ያልበላ፥ አንድ ቀን እንኳ ቡና ያልጠጣ ሰው ስለ ግቢው ቢቀጣ ቅጣቱ ግብር መስሎ ይታየዋል።

በቸሃም ሆነ በሌላው የሰባት ቤት ጉራጌ ምድር ቤት ለመሥራት ያሰበ አንባቢ ካለ፥ ለመስቀል ሲወርድ ሊያደርገው የሚገባውን እናመልክት። በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባም ከሌላም ከተማ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በዓመት ውስጥ የግራና የቀኝ ጎረቤት፥ የፊት ለፊቱም ባለቤት፥ ሽማግሌዎቹም በአንድ ላይ የሚገኙበት ጊዜ ሌላ የለም ማለት ይቻላል። መሠረት ሳይቆፈር፥ ብሎኬት ሳይጫን፥ ሽማግሌዎቹን ለምኖ በገመድ ማስለካትና ችካል ማስተከል ያን ጊዜ ነው። ግንበኛውም በልኬቱ ላይ ይገኝ፤ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ችካሉን የሚያየው እርሱ ነውና። የእናት ምክር ይጠየቅ፤ የድሮውን ወሰን በየትኛው ድንጋይ እንደሚያልቅ የምታስታውስ እርስዋ ናት። ከአዳብና በኋላ ሰው ወደየሥራው ስለሚበተን ግን፥ ሽማግሌ የሚለምን ሰው ጉዳዩን ለመጨረሻው ቀን ባያቆየው መልካም ነው።