ከደላንታ ሜዳ እስከ ቦሌ፤ ስለ ሐራጅ ብልሃትና ጨዋነት

ሐራጅ ማለት አንድን ዕቃ በብዙ ሰው ፊት አቅርቦ ከሁሉ አብልጦ ለሚከፍለው መሸጥ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቀድሞ በአደባባይ በመዶሻ ድምፅ ይፈጸም የነበረው ይህ ሥራ ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት ከየሰው እልፍኝ ገብቷል። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ከሚኖሩት ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች መካከል የቆየ ቴምብር፣ የጥንት ገንዘብና ያረጀ ፎቶግራፍ ከውጭ አገር ሐራጅ የሚሰበስቡ አሉ። ኒው ዮርክ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚዘጋው ሐራጅ በበጋቸው ወራት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናልና፣ ሰብሳቢው እንቅልፉን ትቶ በስልኩ ላይ ያፈጣል። በማግሥቱ አንዱ ዕቃውን አጥቶ በቁጭት፣ ሌላው ዕቃውን አግኝቶ በዕዳ ተይዞ ከሥራው ይገባል። ክፍያው ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ባለ ዘመድ እጅ ስለሚፈጸም፣ የተጫራቹ ችኮላ የዘመዱም ሸክም ነው። ስለዚህ ብልሃቱንና ጨዋነቱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል እንላለን።

የመጀመሪያው ብልሃት ዕቃውን ማወቅ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያ ቴምብሮች በ1894 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የታተሙ ሰባት ዓይነቶች ሲሆኑ፣ ቅርጻቸውን ያወጣው ኧዤን ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ነው። አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ የአንበሳን ምስል ይዘዋል። በኋላ በእነዚሁ ላይ ልዩ ልዩ ጽሑፍ በማኅተም ተጨምሮባቸው ወጡ፤ አታላዮችም ማኅተሙን አስመስለው መምታት አልቸገራቸውም። በማርያ ቴሬዛ ብርም እንዲሁ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞቱ በኋላ ለብዙ ዘመን የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ ስለ ወጣ፣ በላዩ የተቀረጸው ቁጥር የብሩን ዕድሜ አይናገርም። ይህን ያላወቀ ሰው የአያቱን ዘመን ብር በቅድመ አያቱ ዘመን ዋጋ ይገዛል።

ሁለተኛው ብልሃት የራስን የመጨረሻ ዋጋ ሐራጁ ሳይሞቅ መቍረጥ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው በኢቤይ ተጫራቹ ከፍተኛ ዋጋውን አንድ ጊዜ ይጽፋል፤ መሣሪያውም ተቀናቃኙን ለማለፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጨምርለታል። 3,000 ብር የሚያወጣ ገንዘብ የጻፈ ሰው ተቀናቃኙ ከ2,000 ባያልፍ፣ የሚከፍለው ከ2,000 ጥቂት ከፍ ያለውን እንጂ 3,000ውን አይደለም። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ የቴምብር ነጋዴዎች በ1893 እ.ኤ.አ. በደብዳቤ በሚደረግ ሐራጅ ላይ አሸናፊው የሁለተኛውን ሰው ዋጋ እንዲከፍል አድርገው ነበር። ዊልያም ቪክሬ የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ በ1961 የዚህን ምክንያት በሒሳብ አስረዱ፤ ይኸውም የሚከፈለው ዋጋ በሌላው ሰው ከተወሰነ እውነተኛ ግምትን መጻፍ ከሁሉ ይሻላል ማለት ነው። በ1996 ሊቁ ለኖቤል ሽልማት ተመርጠዋል።

ታዲያ ብዙዎች እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ አድፍጠው የሚቈዩት ለምንድን ነው? ምክንያቱ የሰው ጠባይ ነው። ዋጋውን አስቀድሞ የገለጠ ሰው ሌላውን ለእልህ ያነሣሣል፤ ዕቃውም ተፈላጊ መሆኑን ያስታውቃል። አልቪን ሮትና አክስል ኦከንፌልስ የተባሉ መምህራን በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ መዝጊያ ሰዓቱ በማይለወጥበት በኢቤይ የመጨረሻ ደቂቃ ሽሚያ እንደሚበዛ፣ አዲስ ዋጋ በመጣ ቍጥር ሰዓቱን ያራዝም በነበረው በአማዞን ሐራጅ ግን እንደሚያንስ አሳይተዋል። እንግዲህ ማድፈጥ የተፈቀደ ብልሃት እንጂ ነውር አይደለም። ነውሩ፣ የቈረጡትን ዋጋ በሌሊት እልህ አፍርሶ የቤት ኪራይን መጨመር ነው።

ከብልሃት ቀጥሎ ጨዋነት ይመጣል። ያሸነፈ ሰው ሳይዘገይ መክፈል አለበት፤ የሰጠውንም ዋጋ ያለ በቂ ምክንያት መሰረዝ ቃልን ማጠፍ ነው። ሻጭ ወዳጁን አስመስሎ አስገብቶ ዋጋ ማስወደዱ ማታለል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለ ወዳጆች ግን አንድ ልዩነት አለ። አንዱ ሰብሳቢ ጓደኛው ለዓመታት የፈለገውን ዕቃ ሲያይ በገዛ ፈቃዱ ቢተውለት ይህ ወዳጅነት ነው። ነጋዴዎች ግን «አንተ አትጫረት፣ እከፍልሃለሁ» ተባብለው ዋጋ ቢያወርዱ ሻጩን መዝረፋቸው ነው፤ እንግሊዝ በ1927 ባወጣችው ሕግ ይህን ወንጀል አድርጋዋለች።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን፣ ለሐራጅ የቀረበው ዕቃ የተዘረፈ የአገራችን ቅርስ የሆነ እንደሆነ ምን ይደረግ? የሚለው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቆ ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ከምሽጉና ከቤተ ክርስቲያኑ የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። በዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ሐራጅ ተደረገ፤ የተገኘውም ወደ 5,000 ፓውንድ የሚሆን ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ በመንግሥት ገንዘብ ይጫረት ስለ ነበር መኰንኖቹ አልቻሉትም። ከዚህም ሌላ የጳጳሱን የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። በደላንታ የሐራጁ ሥርዓት ሁሉ ተጠብቋል፤ መዶሻውም ተመትቷል። ነገር ግን ባለቤቱ ከተጫራቾቹ መካከል አልነበረም። ሥርዓት ያለው ሐራጅ የተዘረፈን ነገር ንጹሕ ንብረት ሊያደርገው አይችልም።

የመቅደላ ዕቃ ዛሬም በየጊዜው ለሐራጅ ይወጣል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ብሪድፖርት በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አንድ የግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ሊሸጡ ሲሉ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ስላቀረበ ከሐራጁ ተነሡ። በኋላም ሸሕራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት በስምምነት ገዝቶ ከሌሎች ቅርሶች ጋር ለኤምባሲው አስረከበ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኒውካስል ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻ እንዲሁ ከሐራጅ ተነሣ።

አንዳንዱ ወጣት «እኔ ካልተጫረትሁ የባዕድ ሰብሳቢ ይወስደውና ደግሞ መቶ ዓመት ይሰወራል» ይላል። ይህ አሳብ ከቅን ልብ የመጣ ስለሆነ አንነቅፈውም። ሆኖም ሁለት ኢትዮጵያውያን ሳይተዋወቁ፣ አንዱ ከቦሌ ሌላው ከዋሽንግተን፣ ለአንድ መስቀል ሌሊቱን ሙሉ ቢሽቀዳደሙ የሚጠቀመው ሻጩ ብቻ ነው። የመጨረሻው ዋጋም ለሚመጣው ዕቃ መነሻ ይሆናል፤ በአገር ቤት ያለውንም ሌባ ያደፋፍራል። በ1997 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል የተገኘው በአንድ የቤልጅግ ሰብሳቢ እጅ እንደ ነበር አንርሳ። ሰብሳቢ ባይኖር ሌባውስ ለማን ይሸጥ ነበር?

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። በብዛት የታተመውን ቴምብርና በብዛት የተመታውን ብር በዐቅም፣ በዕውቀትና በጨዋነት መጫረት መልካም ትምህርት ነው። የመቅደላ ስም ያለበትን፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ የሚመስለውን፣ ከአገር የወጣበት ፈቃድ የማይታየውን ዕቃ ያየ ግን ዋጋ ከመጻፉ በፊት ደብዳቤ ይጻፍ። የሐራጁን ስም፣ የዕቃውን ቍጥር፣ ሥዕሉንና የሚዘጋበትን ቀን ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና በዚያ አገር ላለው ኤምባሲያችን ያስታውቅ። ለዚህ ቀን ያስፈልጋልና እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ማድፈጥ እዚህ ላይ አይጠቅምም። በቴምብር ሐራጅ ዘግይቶ የገባው ሊያሸንፍ ይችላል፤ በቅርስ ጕዳይ ግን የሚጠቅመው ቀድሞ የተናገረው ነው።