ከጤፍ እርሻ እስከ ገበያ፦ በረሆቮት ልጆቻችን ምን መማር ይችላሉ?

ልጅዎ ወታደራዊ አገልግሎቱን ጨርሶ «ሥራ አመራርና ቴክኖሎጂ አንድ ላይ እማራለሁ» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? ብዙ ወላጅ ሐኪም፣ ጠበቃና መሐንዲስ ምን እንደሚሠሩ ያውቃል። «ሁለት ሦስት ሙያ የተቀላቀለበት» የሚባለው ትምህርት ግን ግራ ያጋባል። «አንዱን በደንብ ብትይዝ አይሻልም ወይ?» የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ቅርብ ነው። ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚኖሩባት የረሆቮት ከተማ ራሷ ጥሩ ማስረጃ ትሆናለች።

በረሆቮት ሁለት ትልልቅ የትምህርትና የምርምር ቦታዎች አሉ። አንደኛው በ1934 የተመሠረተውና ከ1949 ጀምሮ ቫይዝማን ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው፤ እዚያ የሚሰጠው ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ብቻ ነው። ሁለተኛው በ1942 ሥራ የጀመረው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና፣ የምግብና የአካባቢ ፋኩልቲ ነው። እዚህ የመጀመሪያ ዲግሪም ይሰጣል። ስሙ ግብርና ቢሆንም በአንዱ ግቢ ውስጥ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ አፈርና ውኃ፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ሥነ ምግብ ይማሩበታል፤ የአካባቢ ኢኮኖሚና ሥራ አመራር ክፍልም አለው።

እነዚህ ሁሉ ለምን አብረው እንደሚኖሩ ለመረዳት ከጤፍ የተሻለ ምሳሌ የለም። በዚሁ ፋኩልቲ ፕሮፌሰር ይሆሹዓ ሳራንጋና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ጤፍን ሲያጠኑ ቆይተዋል። በእስራኤል የዘር ባንክ ከተቀመጠው ዘር ተነሥተው ወደ 300 የሚጠጉ የጤፍ ዓይነቶችን ለይተዋል፤ የትኛው በብዙ ውኃ፣ የትኛው በጥቂት ውኃ የተሻለ እንደሚያፈራም መርምረዋል።

ትልቁ ችግር እናንተ ሽማግሌዎቻችን የምታውቁት ነው፤ ጤፍ ይጋሸባል። አገዳው ቀጭን ነው፤ ፍሬው ሲሞላ ነፋስ ወይም ዝናብ ከመታው ይተኛል፣ ምርቱም ይቀንሳል። በአገር ቤት በማጭድ የሚያጭድ ገበሬ የተኛውን ቀና እያደረገ ያጭደዋል። በእስራኤል ግን የሚያጭደው ኮምባይነር ነው፤ መሬት ላይ የተኛውን ሰብል በደንብ አያነሣም። የረሆቮት ተመራማሪዎች ለመጋሸብ ምክንያቱን ሲፈልጉ ከአገዳው በተጨማሪ ወደ ሥሩ ቆፍረው ገብተዋል፤ የሥሩ አሠራር ተክሉ ቆሞ በመቆየቱ ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለውም አሳይተዋል።

እንግዲህ እንቁጠር። ዘሩን የሚመርጠው የዘር ሐረግ ሳይንስ የተማረ ነው። ውኃውን የሚመጥነው የአፈርና የውኃ ባለሙያ ነው። አንድ ሺህ ፍሬው አንድ ግራም የማይሞላውን ጤፍ የሚዘራና የሚያጭድ መሣሪያ የሚያስተካክለው መሐንዲስ ነው። ለጤና ያለውን ጥቅም የሚመረምረው የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው። በመጨረሻም የውኃው ዋጋ፣ የዘሩ ዋጋና የገበያው ዋጋ ተደምሮ ለገበሬው ትርፍ ይተርፈው እንደሆነ የሚያሰላው ኢኮኖሚስት ነው። ይህ ሒሳብ ካልተሠራ ጤፉ በሙከራ እርሻ ላይ ይቀራል፤ የእንጀራ ዱቄት ሆኖ ሱቅ አይደርስም። ሙያዎቹ በየፊናቸው ጥሩ ቢሆኑም አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚረዳ ሰው ከሌለ ሥራው ይቆማል። የተቀላቀለው ትምህርት የሚያፈራው እንዲህ ያለውን አገናኝ ሰው ነው።

አገናኝ ሲጠፋ ምን እንደሚደርስም አይተናል። በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። እናቶቻችን ለብዙ ዘመን ሲፈጩትና ሲያቦኩት የኖሩት እህል በሌላ ሰው የባለቤትነት ወረቀት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኩባንያው ከኢትዮጵያ ጋር በ2005 የተዋዋለው ስምምነትም የተጠበቀውን ጥቅም ሳያመጣ ቀረ፤ በኋላም ኩባንያው ከሰረ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በሆላንድ እንዳይሠራ የወሰነው በ2018 መጨረሻ ነው። ጤፍን የሚያውቅ ገበሬ ሞልቶ ነበር። የጎደለው ጤፍንም፣ ውልንም፣ የውጭ ገበያንም አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በጎ ምሳሌም አለ። በየሱቁ የምንገዛው ቶሎ የማይበሰብስ ቲማቲም ያለ ረሆቮት ምርምር እንዲህ አይስፋፋም ነበር። የፋኩልቲው ፕሮፌሰሮች ናሑም ቄዳርና ሐይም ራቢኖቪች የቲማቲሙን መብሰል የሚያዘገይ የዘር ጠባይ ተጠቅመው ረዥም መንገድ የሚችል ዝርያ አወጡ። ነገር ግን ዝርያው ወደ ዓለም የደረሰው በዘር ኩባንያና በውል አማካይነት ነው። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ በ1964 ያቋቋመው ዪሱም የሚባል ኩባንያ አለው፤ ቫይዝማንም ዬዳ የሚባል ተመሳሳይ ኩባንያ አለው። በእነዚህ ቤቶች ሳይንስ ብቻ የሚያውቅ ወይም ንግድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሥራው ይከብደዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ይህ በር ለልጆቻችን የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው ገና በትምህርት ቤት ሳሉ ነው። ኢኮኖሚም ሆነ የተፈጥሮ ሳይንስ ያለ ሒሳብ አይሆንም። ስለዚህ ልጁ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲያልፍ በ3፣ በ4 ወይስ በ5 ዩኒት የሒሳብ ክፍል እንደተመደበ ይጠይቁ። «ለልጁ ይቀለዋል» ተብሎ ዝቅ ያለ ክፍል ቢሰጠው ምክንያቱን ይወቁ፤ ማጠናከሪያ ትምህርትም ይጠይቁ። ዕብራይስጥዎ የሚያስቸግርዎ ከሆነ አስተርጓሚ ወይም የሚያግዝ ዘመድ ይዘው ይሂዱ። የወላጅ ጥያቄ በትምህርት ቤት ትልቅ ክብደት አለው።

ልጁ ቤት እያለ የሚያግዘው የፔራሕ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም በ1974 በቫይዝማን ኢንስቲትዩት የተጀመረ ሲሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልጆችን ያስጠናሉ፤ በምላሹም ለትምህርት ክፍያቸው ድጋፍ ያገኛሉ። ስለዚህ ታናሹ ተረጂ፣ ታላቁ ረጂ ሆኖ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ከ200 እስከ 800 የሚታረመው የፕሲኾሜትሪ ፈተና ዝቅ ቢልም በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ባግሩትንና ነጥብን የሚያሻሽሉበት መኺና አለ።

አሁን ስለ ገንዘብ። ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

አንደኛ፣ ዲግሪው በከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት፣ ማላግ በሚባለው፣ የታወቀ ነው ወይ? «ቴክኖሎጂና ሥራ አመራር» የሚል ያማረ ስም ያለው ኮርስ ሁሉ ዲግሪ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቦታው የመንግሥት በጀት ያለው ነው ወይስ የግል? በመንግሥት በጀት የሚታገዝ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት በግምት 12 ሺህ ሸቀል ያህል ያስከፍላል፤ የግል ኮሌጅ ብዙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ምን ድጋፍ አለ? ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ልጅ ፒቃዶኑን ለትምህርት ሊጠቀምበት ይችላል። የቅሊጣ ሚኒስቴር የተማሪዎች ቢሮ ለማኅበረሰባችን ተማሪዎች ምን እንደሚሰጥ ከምዝገባ በፊት ይጠየቅ፤ ደንቡና የማመልከቻው ቀን ይለዋወጣልና።

አራተኛ፣ ልጁ በመሐል ቢያቋርጥ ገንዘቡ እንዴት ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

አምስተኛ፣ ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች የት ይሠራሉ? በዘርና በመስኖ ኩባንያዎች፣ በምግብ ፋብሪካዎች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ካሉ ያሳዩ።

ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ለሕዝብ ክፍት የሚሆኑበት ቀን አላቸው። በዚያ ቀን ልጁን ብቻውን አይላኩት፤ አያቱንም ይዛችሁ ሂዱ። ጤፍ ስንት ጊዜ ታርሶ እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚታረም፣ ለምን እንደሚጋሸብ የሚያውቅ ሽማግሌ እዚያ ግቢ ውስጥ የሚጠይቀውም የሚናገረውም አያጣም።