ለመቆም ወደ ዳር

ዛሬ የምጽፍላችሁ መንገድ ላይ ስለምንቆምበት ቦታ ነው።

የአዲስ አበባ እግረኛ ለዓመታት ሲያማርር እውነቱን ነበር። የእግረኛ መንገዱ ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ ተቆፍሮ ቀርቷል፣ ወይ አሸዋና ብሎኬት ተከምሮበታል። አስፋልት ላይ ወርደን ከመኪና ጋር ስንጋፋ ኖርን። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነውና ምሬቱ የዋዛ አልነበረም። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች፣ ለምሳሌ ከፒያሳ በአራት ኪሎ በኩል ወደ መገናኛ ስትሄዱ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ። ስለ ልማቱ ሌላ ብዙ የሚባል ነገር ቢኖርም ለዛሬ ይቆየን። ጥያቄዬ፣ መንገዱ ይህን ያህል ሰፍቶም ለምን እንደምንጋጭ ነው።

እኔ እንደማየው የምንጋጨው መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ስለምንል ነው። ስልክ ሲጠራ ባለንበት እንቆማለን። ከባቡር ወርደን ደረጃው አፍ ላይ ቆመን፣ ከኋላችን የሚመጣውን ሕዝብ ዘግተን፣ በየት በኩል እንደምንሄድ እናስባለን። ወዳጅ ስናገኝ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን፣ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቀን እስክንጨርስ መንገዱ በእኛ ይዘጋል። ሰላምታው ይጠር አልልም። ከዚህ ከተማ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ እንዲያውም ይርዘም። ግን ሁለት እርምጃ ወደ አጥሩ ጠጋ ብለን ብንሳሳም ምን ይጎድልብናል? ታክሲ በር ላይም ያው ነው። ውስጥ ያለው «ወራጅ አለ» እያለ፣ ልጅ ያዘለች እናት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ፣ ከታች ያለነው በሩን ደፍነን እንገፋለን። እሷ ካልወረደች እኛ የምንቀመጥበት ቦታ ከየት ይመጣል?

ከሁሉ በላይ ውስጤን የሚበላኝ ግን ቢጫው መስመር ነው። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ ሸካራ ቢጫ ታይል ተነጥፎ አይታችኋል። ለጌጥ የተነጠፈ የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የተሠራ ነው። ያሰበው ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተነጠፈውም እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ነው። ረጃጅም መስመር ያለው ታይል «ቀጥል» ማለት ነው፤ ክብ ክብ ጉብታ ያለው «ተጠንቀቅ፣ እዚህ መታጠፊያ ወይም መሻገሪያ አለ» ይላል። ማየት የተሳነው ሰው በነጭ በትሩና በጫማው ሶል ያነበዋል።

በቅርቡ መገናኛ አካባቢ አመሻሽ ላይ የታክሲ ሰልፉ ልክ በዚያ መስመር ላይ ተዘርግቶ አየሁ። አንድ ነጭ በትር የያዘ ወጣት መጣ። በትሩ የአንዷን ጫማ ነካ፣ ይቅርታ ብላ ዞር አለች። ሁለት እርምጃ ሄዶ የሌላውን ቦርሳ ነካ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አንዱ በቅንነት ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደውና ለቀቀው። መስመሩ ጠፋው። በዚያ የረዳቶች ጩኸት መሀል በእግሩ መሬቱን እየዳሰሰ ፈለገ። ሰልፉ ላይ የነበረ ሁሉ አዘነለት፤ ግን ማንም ከመስመሩ ላይ አልወረደም፤ ምክንያቱም የቆመበትን ያየ የለም። ጨካኞች አይደለንም። የማናውቀው ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» የምንል ሰዎች ነን። ያ ወጣት ግን ከሐዘኔታችን ይልቅ ያቺን አንድ ክንድ የማትሞላ ቢጫ መስመር ነበር የሚፈልገው።



ማየት የተሳነው ሰው መንገድ ጠፍቶት ካያችሁ፣ ክንዱን ወይም በትሩን አትያዙ። መጀመሪያ «ላግዝዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ካለ ክርናችሁን ስጡት፤ እሱ ይይዛችሁና ግማሽ እርምጃ ከኋላችሁ ይከተላል። ደረጃ ወይም ጉድጓድ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ስትለያዩም መስመሩ ላይ አድርሳችሁት፣ ወደየት አቅጣጫ እንደቆመ ነግራችሁት ሂዱ።