የኢንተርኔት ስልክ ድምፅ ለምን ይቆራረጣል?

በኢንተርኔት ስንደዋወል ድምፅ ከተቆራረጠ «ኔትወርኩ ደካማ ነው» እንላለን፤ ፈጣን ጥቅል መግዛትም መፍትሔ ይመስለናል። የስልኩን አሠራር የመረመረ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ድምፁ በሰዓቱ መድረሱን ነው። ንግግራችን ወደ ቁጥር ተለውጦ ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ይጓዛል። አንዱ ፓኬት በተለምዶ 20 ሚሊ ሰከንድ ድምፅ ስለሚይዝ፣ በሰከንድ 50 ፓኬቶች ይላካሉ። ድምፁን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ስልት ኮዴክ ይባላል። የቆየው ጂ.711 በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት፣ ጂ.729 ደግሞ 8 ኪሎ ቢት ብቻ ይፈጃሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ኦፐስ እንደ መስመሩ አቅም ከ6 ኪሎ ቢት ጀምሮ ይሠራል። በየፓኬቱ የሚለጠፈው የአድራሻ መረጃ ሲታከልበት እንኳ የጂ.711 ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 100 ኪሎ ቢት አይሞላም። ቪዲዮ ያለ ችግር የሚያሳይ መስመር ይህን አያጣም።

ንግግሩን የሚያውኩት በአብዛኛው መዘግየት፣ ጂተር የሚባለው የመዘግየት መዋዠቅና የፓኬት መጥፋት ናቸው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከተናጋሪው ወደ ሰሚው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከ150 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል። 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት የሚመጣ ኢንተርኔት የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ምልክቱ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ 240 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ተነጋጋሪዎቹ ቃል መሻማታቸው አይቀርም። ጂተርን ለማብረድ ተቀባዩ መሣሪያ ፓኬቶቹን ለአፍታ ያቆያቸዋል፤ ማቆየቱ ግን ራሱ መዘግየትን ይጨምራል። የጠፋውን ፓኬት መልሶ መላክም ብዙ አይረዳም፤ እስኪደርስ ንግግሩ አልፏል። ከዚህ ሁሉ የተለየ ችግርም አለ፦ ስልኩ ጠርቶ፣ ተነሥቶ፣ ድምፅ የማይሰማበት ጊዜ። ጥሪውን የሚያስጀምረው ሲፕ የተባለ ሥርዓት ነው፤ ድምፁን የሚሸከመው ደግሞ አርቲፒ የተባለ ሌላ። አንዱ መንገድ ክፍት ሆኖ ሌላው ሊዘጋ ይችላል፤ ይህንንም ፍጥነት አይፈታውም።

ሰፊ መስመር የፓኬቶቹን ወረፋ ያሳጥራል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ በጣም ለጠበበ መስመር ማስፋት ግድ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል መላክ ሲጀምር ሰፊውም መስመር ይሞላል፤ ፓኬቶቹም ሮውተሩ ላይ ይሰለፋሉ። ስለዚህ ለጥሪው ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ሮውተሩ ነው፤ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ ማስተካከል ከተቻለ ወረፋው ንግግሩን አይነካውም። የኢንተርኔት ስልክ ቀፎም ሆነ የድሮውን ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው አስማሚ ከዋይፋይ ይልቅ በኬብል ቢገናኝ ይሻላል። በሞባይል ወይም በኮምፒውተር መተግበሪያ ለሚደውል ሰው የጆሮ ማዳመጫ ዋና ዕቃ ነው፤ የተናጋሪው ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላል። ገመድ አልባው ብሉቱዝ ግን የራሱን መዘግየት ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ነገርም አለ። የድሮው መደበኛ ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ማዕከል በመስመሩ ያገኝ ነበር፤ የኢንተርኔቱ ስልክ ግን መብራት ሲጠፋ ከሮውተሩ ጋር ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ለሮውተሩ ባትሪ መግዛት ፈጣን ጥቅል ከመግዛት ይቀድማል።